«መንግሥት ነው የሚያስተምራት» አትበሉኝ

ባለፈው እሁድ ዶራ በምንሰበሰብባት ክፍል ቡና እየጠጣን ነበር። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፏን ነገርኳቸውና እልል ተባለ። እልልታው ሳይበርድ አንዷ ጓደኛችን፣ ስሟን አልጠራም ራሷን ታውቃለች፣ «ተገላገልሽ በያ! ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ነፃ ነው፤ ከእንግዲህ መንግሥት ያስተምራታል» አለችኝ። ሌላዋ ስኒዋን ቁጭ አድርጋ «ምን ሊጠቅማት ነው? ወንድምሽ ተምሮ የት ደረሰ? ይልቅ ፓስፖርት አስወጪላትና ወደዚህ አምጫት፤ ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩ የጀመርሽው ቤትም ያልቃል» አለች።

ሁለቱም ለእኔ አስበው ነው የተናገሩት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንዷ ዩኒቨርሲቲ ምንም አያስከፍልም ትላለች፣ ሌላዋ ምንም አይጠቅምም ትላለች። ሁለቱም የሚያወሩት ቁጭ ብለው ሂሳቡን ሳይሠሩ ነው። እኔ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ለሁለቱም እመልሳለሁ፤ ለእማዬም ጭምር፣ ምንም እንኳ እሷ ማንበብ ባትችልም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የላክኩትን ገንዘብ ሁሉ የምጽፍበት አንድ ሰማያዊ ደብተር አለኝ። መጀመሪያ የያዝኩት ደላላው እንዳያጭበረብረኝ ብዬ ነበር፣ በኋላ ልማድ ሆነብኝ። ወንድሜ በ2007 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ መሳፈሪያ» ይላል። የተመደበበት ከተማ ከእኛ ቤት፣ ከመርሳ፣ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። መንገድ ላይ ማደሪያም አለ። ይሄ መሄጃው ብቻ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ይመላለሳል። ግቢው በረብሻ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ሳይታሰብ ይመለሳል፣ ሲከፈት እንደገና ይሄዳል።

ከዚያ ካልኩሌተር። ከዚያ ኮፒ፣ በየሳምንቱ ኮፒ፤ መጽሐፍ ቤት ያለው አንድ መጽሐፍ ለመቶ ተማሪ ስለማይዳረስ ሃንዳውቱን በገንዘብ ያስገለብጣሉ። በሁለተኛው ዓመት «እታለም፣ ያለ ላፕቶፕ ኢንጂነሪንግ አይሆንም» አለኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ ገዝቼ በሰው ላክሁ። በሦስተኛው ዓመት የካፌው ምግብ ጨጓራውን አሳመመውና ነን ካፌ ሆነ። ነን ካፌ ማለት መንግሥት ለምግብ የመደበለትን በጥሬ ገንዘብ ወስዶ ውጪ መብላት ነው። ያ ገንዘብ ስንት እንደነበር ታውቃላችሁ? መንግሥት ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የሚመድበው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ 22 ብር ነበር፤ ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ዓ.ም. ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት በ22 ብር! የጎደለውን ማን ሞላው? ሀዋላ ቤት የተሰለፈችው ናት የሞላችው።

በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ጂሲ የሚባል ነገር መጣ። ሱፍ፣ ጋዋን፣ ፎቶ፣ የጓደኞች መዋጮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማሳተሚያ፣ ለእናት መጫሚያና መሳፈሪያ። ስለ ሱፉ ተጣልተናል፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

በአምስት ዓመት በደብተሬ የተጻፈው ድምር 4,300 ዶላር ገደማ ነው። ደመወዜ በወር 150 ዶላር ነበር። ከ28 ወር በላይ አንድም ሳንቲም ለራሴ ሳላስቀር፣ ሳሙናም ሳልገዛ፣ እሱን ብቻ አስተማርኩ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩበት ጉልበት። እንግዲህ «ነፃ» የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። መንግሥት ምንም አልከፈለም አልልም። መምህሩን፣ ሕንፃውን፣ ላብራቶሪውን፣ መብራቱን ከፍሏል። ግን እሱም ቢሆን በነፃ አልሰጠም፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት የሚባል አለ። የተጀመረው በደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እየቆረጠ ይመልሳል። ቢያንስ 10 በመቶ ከወር ገቢው። ወንድሜ በየዓመቱ የፈረመበት ውል ሲደመር 27 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ በተመረቀበት በ2011 ምንዛሬ ከ1 ሺህ ዶላር ያነሰ። የእኔ 4,300፣ የመንግሥት ብድር ከ1 ሺህ በታች። በውሉ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። የእኔ ስም የትኛውም ወረቀት ላይ የለም። መንግሥት ያበደረውን ጽፎ ይዟል፣ ዲግሪውንም መያዣ አድርጎታል። እኔ የያዝኩት ሰማያዊ ደብተር ብቻ ነው።

ወጪ መጋራት ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ አትስማሙኝም ይሆናል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚቆረጥ ዕዳ ከበር ላይ ክፍያ ይሻላል። ደሃ ልጅ ገብቶ ይማራል፣ ሲያገኝ ይከፍላል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ክፋቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የወጪው ግማሽ ተቆጥሮ ውል ሲፈረምበት፣ ሌላው ግማሽ እንዳልነበረ መቆጠሩ ላይ።

ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የጀመረው በ33 ተማሪ ነው። ሠላሳ ሦስት! ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ የሚታጨቀው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ንጉሡ ስድስት ኪሎ ያለውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡና በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ለእነዚያ ተማሪዎች ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ምግቡና መኝታውም ከመንግሥት ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል፣ ያው ከገበሬው ነው። ገበሬው ልጁን ወደዚያ በር ማስጠጋት አይችልም፤ ግብሩ ግን ገብቷል።

ያኔ የነበሩት ተማሪዎች ግን ይሄን ያወቁት ይመስለኛል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኞቹ መምህር ሆነው ነው ያገለገሉት። በዚያው ዓመት በየካቲት «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። አራሹ አልላካቸውም፤ ማን እያበላቸው እንደሚማሩ ስለገባቸው ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ደርግ በ1967 ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዘመቻ ገጠር ላከ፣ የዩኒቨርሲቲው ስምም ተቀየረ፣ በቀይ ሽብር ደግሞ የዚያ ትውልድ ስንቱ አለቀ።

ያኔ የሚያስተምራቸው አራሹ ነበር። ዛሬ ለዶርሙ አንሶላ፣ ለላፕቶፑ፣ ለነን ካፌው የምትከፍለው ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ናት። ስለ እሷ አደባባይ የወጣ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። አንድ የምረቃ ንግግር ላይ እንኳ «በስደት ያሉ እህቶቻችን» ሲባል አልሰማሁም። ወላጅ ይመሰገናል፣ መምህር ይመሰገናል፣ ፈጣሪ ይመሰገናል። እኛ በፎቶው ላይ ያለው ሱፍ ነን።

አንድ ያልተነገረ ነገር ደግሞ ልናገር። እኔ 10ኛ ክፍል ተፈትኜ ወደ መሰናዶ አልፌ ነበር። አባታችን ሲሞት ቤቱ አንድ ልጅ ብቻ ማስተማር ይችላል ተባለ። እኔ 11ኛ ልገባ ነው፣ ወንድሜ 9ኛ። ማን እንደቀረ አትጠይቁኝ። ደላላ መጣ፣ ፓስፖርት ላይ ስድስት ዓመት ተጨመረልኝ፣ መጣሁ። ማንም አላስገደደኝም ብዬ ለብዙ ዓመት እናገር ነበር። እውነት ነው፣ ማንም አልገፋኝም። ግን ማንም ወንድሜን «አንተ ሂድ፣ እሷ ትማር» አላለውም፤ ሐሳቡ ራሱ በማንም ጭንቅላት አልመጣም። የሁላችንም ቤት እንዲህ ነው። በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ስንቶቻችን ነን ከክፍላችን አንደኛና ሁለተኛ የወጣነው? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ፣ አዋጅ 923/2008፣ ሲወጣ ለምትሄድ ሠራተኛ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን ነበር የሚጠይቀው። ለእኛ የተቆረጠው ልክ ያ ነበር፣ 8ኛ ክፍል። ከዚያ በላይ የተማርነው ለማንም አይቆጠርልንም።

እሺ፣ አሁን ወደ ሁለተኛዋ ጓደኛዬ። «ወንድምሽ ተምሮ የት ደረሰ?»

እውነቷን ነው፣ ሩቅ አልደረሰም። እሱ ልቡ ሕግ መማር ነበር። ያኔ ግን ከመቶ 70ው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ፣ 30ው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል ፖሊሲ ነበር፤ 11ኛ ክፍል ላይ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ገፉት፣ ከዚያ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ደረሰው። አገሪቱ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ኢንጂነር አስመረቀች፤ የሚሠሩበት ግንባታ ግን አብሮ አልተመረቀም። ወንድሜ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የሥራ ልምድ 3 ዓመት» የሚል ሲያነብ ቆየ። ዛሬ አንድ ግንባታ ላይ ስቶር ኪፐር ነው። ሲሚንቶ ይቆጥራል። የያዘውም ቴምፖ ነው፤ ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት የወጪ መጋራቱን መክፈል አለበት።

ባለፈው ዓመት ደወለና «እታለም፣ ዕዳውን ክፈይልኝና ኦሪጅናሉን ላውጣ» አለኝ። እምቢ አልኩት። እማዬ እስከ አሁን አልማረችኝም። እኔ ግን ትክክል ነኝ እላለሁ። ያ ዕዳ የተሠራው ከተመራቂው ደመወዝ እንዲቆረጥ ነው። ትንሽም ይሁን ደመወዝ አለው፤ ከደመወዙ 10 በመቶ ይክፈል። እሱንም እኔ ከከፈልኩት፣ ወጪ መጋራት የተባለው ከእኔ ጋር ብቻ መጋራት ሆነ። እህቶቼ፣ ይሄን የምትጠየቁ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምትጨክኑበት አንድ ነገር ካለ ይሄ ይሁን።

ግን ከዚህ ተነስታችሁ «ስለዚህ ትምህርቱ ከንቱ ነው» ስትሉ እዚያ ላይ እለያችኋለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2010 አሠሪዬ የስድስት ወር ደመወዝ ያዘብኝ። ያኔ እኔ ኮንትራቴ ምን እንደሚል አላውቅም፤ በአረብኛ ፈርሜ ነው የመጣሁት። የኮንትራቱን ፎቶ ለወንድሜ ላክሁለት። እሱ ዶርም ውስጥ ከአንድ የሕግ ተማሪና አረብኛ ከሚያነብ ልጅ ጋር ሆኖ አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጠው ተረጎሙት፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ ቀኑንና ብሩን እየጠቀሱ። ያን ደብዳቤ ይዤ እዚህ በነፃ ለሚረዳ ጠበቃ አሳየሁ። ከስድስቱ ወር የአራቱን አገኘሁ። 600 ዶላር። ያን ደብዳቤ የጻፈው ኢንጂነሩ ወንድሜ ሳይሆን ዶርሙ ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ማደራቸው ነው። ይሄን ማንም በዲግሪው ላይ አያትመውም።

ደግሞ ዝም ብላችሁ የምንሠራበትን ቤት ተመልከቱ። የማዳሜ ልጅ የምትማረው በሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በዚህ አገር ባለው ብቸኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ከእኛው ጋር እኩያ በሉት። ክፍያው ከግሎቹ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። ከ2012 ወዲህ ሊራው ሲወድቅ መምህራኑ በየጊዜው አድማ መቱ፣ መብራት የለም፣ ልጅቷ ማታ ማታ በስልክ ብርሃን ስታጠና እኔ ልብስ እተኩስ ነበር። እናትየው ስትራገም ሰምቻለሁ፤ መንግሥትን፣ ባንኩን፣ ዶላሩን። አንድ ቀን ግን «ዲግሪ ምን ይጠቅምሻል፣ ሂጂና የሰው ቤት አጽጂ» ስትላት አልሰማሁም። እነሱ አገራቸው ሲፈርስ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አላወጡም። እኛ ለምን እናወጣለን?

«እዚህ አምጫት» ለምትሉኝ ደግሞ፣ ወዴት ነው የማመጣት? እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አድርጓል፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። የእረፍት ቀን፣ የሥራ ሰዓት፣ አነስተኛ ደመወዝ የሚለው እኛን አይመለከትም። ያለነው በካፋላ ነው፣ በአንድ ሰው ስም። በሰኔ 2012 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት ቆንስላችን በር ላይ ሲጥሏቸው አይተናል፤ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አስፋልት ላይ ያደሩት እኛው ነን። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት የተኛሁት በረንዳና ሳሎን ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ የራሴ ቁልፍ አልነበረኝም። ያቺ ልጅ ዶርም ስትገባ ከአምስትና ስድስት ልጆች ጋር ትጋፈጣለች፣ ትኋንም ይኖራል፣ ውኃም ይጠፋል። ግን ሎከሯን የምትቆልፍበት ጓጉንቸር ኪሷ ውስጥ ነው።

ልጅቷ እንዴት እንዳለፈችም አስቡ። ስሄድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በ2014ቱ ጦርነት ትምህርት ቤቷ ተዘጋ፤ ደሴና ወልዲያ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው የተዘረፉበት ዓመት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥብቅ ከሆነና ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን ከጀመረ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ብቻ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። እሷ በ2016 ወደቀች። በግል ተመዝግባ እንደገና ተፈተነች፣ በ2017 ካለፉት 8.4 በመቶዎች መካከል ሆነች። ከመቶ ዘጠና አንድ ልጅ በላይ የወደቀበትን ፈተና ያለፈች ልጅ ናት። ይቺን ነው ወለል እንድትወለውል አምጫት የምትሉኝ?

በነገራችን ላይ ፈተናው ከበደ ብዬ አላዝንም። ድሮ በኩረጃ የሚያልፍ ነበር፤ አሁን የምታመጣው ውጤት የራሷ ነው። የምናደደው በሌላ ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ሳይኖረው፣ ላብራቶሪ ሳያይ፣ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ይፈተናል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ሲመረቁ የመውጫ ፈተና አለ፣ በ2015 የተጀመረ። አሁን ደግሞ አንጋፋው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። ራስ ገዝ መሆኑ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለሚያውቁት ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተራ በተራ ወደዚያ ቢሄድ፣ ከፋዩ ማን እንደሚሆን አስቀድሜ ስለማውቅ ነው። ሀብታም ለልጁ ይከፍላል። የደሃ ልጅ ወይ ይቀራል፣ ወይ አንዲት እህቱ ቦሌ ትሸኛለች።

ለእማዬ ክርክር ግን ሙሉ መልስ የለኝም። እማዬ «ገንዘቡን አይደለም፣ ልጄን ነው የፈራሁት» ትላለች። በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ታነሳለች፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት በየግቢው በብሔር የተጣሉትን ልጆች ታነሳለች። መንገዱ ዛሬም አስተማማኝ አይደለም። «አንቺ እንኳ ቤይሩት በሕይወት አለሽ» አለችኝ። ምን ልበላት? እዚህ ከበረንዳ የወደቁትን እህቶቻችንን አልነገርኳትም። ለዓመታት «ደህና ነኝ፣ ጥሩ ቤት ነው» እያልኩ ዋሽቻታለሁ። ስለዚህ ዛሬ ቤይሩት ደህና ቦታ ይመስላታል። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ የብዙዎቻችንም ጥፋት ነው። እኛ እውነቱን ብንናገር ኖሮ ማንም እናት ዩኒቨርሲቲን ከስደት ጋር አታወዳድርም ነበር።

በአንድ በኩል ደግሞ ግቢ ውስጥ ሴት ልጅን የሚጠብቃት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ለማርክ ብሎ የሚያስቸግር መምህር አለ፣ በር ላይ የሚጠብቅ ጎረምሳ አለ። አላፈርስም። ግን እዚያ ብትደበደብ የምትጮኽበት ቋንቋ አላት፣ ሴት ተማሪዎች አሉ፣ ቤተሰብ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይደርስላታል። እዚህ ከተዘጋ በር ጀርባ ብትጮኽ ማን ይሰማታል?

ለማኅበራችን የምለው ጥቂት ነው። በየወሩ የምንጥለው እቁብ አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ አንዱ ዕጣ እህቷ ወይም ልጇ ዩኒቨርሲቲ ለገባችላት ቀድሞ ይውጣላት፤ ብርድ ልብሱ፣ መሳፈሪያው፣ ላፕቶፑ አንድ ላይ የሚወድቀው በእነዚህ ወራት ነውና። ለወንድ ልጅ አይሆንም ወይ ትሉኛላችሁ። ለወንዱ እስከ ዛሬ ሆኖለታል፣ ደብተራችሁን ግለጡ። ገንዘቡ ደግሞ በወንድም በኩል፣ በአጎት በኩል አይሂድ። ልጅቷ በራሷ ስም የባንክ ደብተር ታውጣ፣ ላኪዋ በቀጥታ ትላክላት። የወጪ መጋራት ውሉን ስትፈርም ፎቶ አንስታ ትላክልን፣ ስንት ዕዳ እንዳለባት እኛም እንወቅ። ከእኛ መካከል ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ አፍራችሁ ትደብቃላችሁ። አትደብቁ። ለእነዚህ ልጆች ዲፓርትመንት ሲመርጡ የምትደውሉላቸው እናንተ ሁኑ፤ የትኛው ሥራ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላም አለኝ፣ ስለ ርቀት ትምህርት፣ ስለ እኛ ስለራሳችን፤ እኔ አሁንም የመሰናዶ መግቢያ ውጤቴን አጣጥፌ ይዣለሁ። እሱን በሌላ እትም።

ለእማዬ ሐሙስ ዕለት ደወልኩ። «አላመጣትም» አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ኔትወርክ ይሁን እሷ አላውቅም። ዓርብ ጠዋት ሀዋላ ቤት ሄጄ በእህቴ ስም 120 ዶላር ላክሁ። በሰማያዊው ደብተር አዲስ ገጽ ገልጬ «ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ጓጉንቸር» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ በቴሌግራም «ደረሰኝ እታለም፣ እማዬ ግን እያለቀሰች ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ምደባው ገና አልወጣም።